ሁለት ጣት

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ በጓንቴ ላይ ጓንት ደርቤ፣
ስሙ ካልተነገረን ሰው ጭን አጠገብ ቀርቤ፣
ፎርማሊን ዓይኔን እየላጠው፣ ቆዳውን እንደ ገጽ ገለጥኩ፤
መምህሩ እየጠራ ሲሄድ፣ እኔ ከሥር ከሥር ቆጠርኩ።

ጭን ለካ ሦስት ወረዳ ነው፤ የፊት፣ የውስጥ፣ የኋላ፣
ለየአንዱ የራሱ ነርቭ፣ የራሱ ደም፣ የራሱ ኬላ።
ከፊት አራት ወንድማማች፣ አንድ ጅማት የሚያዋጡ፣
በጉልበት ሎሚ ላይ አልፈው፣ አገዳ ላይ የሚቀመጡ።
ልብስ ሰፊ የሚሉትም፣ እንደ መቀነት የቀጠነ፣
ከዳሌ በሰያፍ ወርዶ፣ ጉልበት ሥር የተሸፈነ።
ከኋላ፣ ከቋንጃው በላይ፣ ትንሽ ጣቴን የሚያህል ገመድ፤
«ይህ ሲቆጣ ነው» አሉን፣ «ሽማግሌ የሚያስረግድ።»

ስለ ሰውዬው ማንም አያውቅ። ተረከዙ ብቻ ተናገረ፦
እንደ በጋ ዋልካ የተሰነጠቀ፣ ብዙ አገር የዞረ።

አጥንቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።
ቀጥ ማለት የሚገባው ምሰሶ ከወገቡ ተጣመመ፤
አንዱ ስባሪ በሌላው ትከሻ እንደ ሰካራም ተደግፎ፣
አብሮ ደርቆ፣ አብሮ አርጅቶ፣ የኖረ ተቃቅፎ።
በሜትር ለካሁ፦ ግራው ከቀኙ
ሁለት ጣት ያጥራል።

*

ለዕረፍት ሞላሌ ገባሁ። አባቴ፣ ወጌሻ ሸዋንግዛው፣
የተከፈተ እግር አያውቅም፤ በመዳፉ ነው የሚያየው።
«እስቲ ትርንጎ» አለኝ፣ እግሩን ጭኔ ላይ ጥሎ፣
«ስንቱን ሰው ስጎትት የኖርኩ፣ ከእጄ ሥር ምን ነበር?» ብሎ።
በከሰል ሣልኩበት፦ አራቱን ወንድማማች፣ ነርቩን፣ ደም ሥሩን፤
ላቲን ስጨምርበት ግን መጠጠ ከንፈሩን።
«አንቺን ትርንጎ እንዳልኩ፣ እኛ እሱን ሎሚ አልነው፤
ስንት ዘመን ሲጨመቅ ያው ነው!»

ከዚያ ያን አጥንት ነገርኩት።

«ግራው ነው?»
«ግራው።»
«ጉብታው ከጉልበት ስንዝር ከፍ ብሎ?»
«ስንዝር።»
«ወደ ውስጥ ዞሮ?»
«ትንሽ።»
እግሩን ከጭኔ አነሣ። ከሰሉን በጋቢው ጠረገ።
«ማንደፍሮ ይባላል» አለ።

«የኤንትሬ ረዳት ነበር። ጣርማ በር በጉም ተውጦ፣
የመንዝ በግ ጭኖ ሲወርድ፣ ጭኑን ከፈለ ተገልብጦ።
በመዝጊያ ተሸክመው አመጡት። በፋኖስ ጎተትኩት፣ ገጠምኩ፤
ከወዲያ የሆነ ነገር ሲስብብኝ፣ ጋኔን ነው ብዬ አማተብኩ።
ለካ ያንቺ ወንድማማቾች ናቸው፣ አራቱ፣
ተባብረው ሽቅብ የሳቡት፣ ጉድ የሠሩኝ በሌሊቱ።
በአርባ ቀኑ ፈታሁት። አጥሯል። አየሁ፤ ዝም አልኩ።
እሱ ጉልበቴን ስሞ ሄደ፤ እኔም አላፍርም፣ መረቅኩ።
ሃያ ዓመት የጭን ቁስል ሆኖብኛል፣ ለሰው የማይገለጥ፤
ጭኑ የሱ፣ ቁስሉ የኔ፣ ክረምት ሲገባ የሚያገላብጥ።»

ከአልጋው ሥር ቁራጭ ጎማ አወጣ፣ በቢላ የተስተካከለ፣
ሁለት ጣት የሚወፍር፤
«ለጫማው ነበር የቆረጥኩት፤ እሱ አልመጣም» አለ።

*

ስመለስ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤
ሹፌሩ መብራት ሲያበራ፣ እጄ የራሴን ጉልበት ጨበጠው።
ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚያ ቁልቁለት ስንቱ ነው
ከጭነት ላይ የወረደ፣ ወጌሻ የጠገነው።
መዝገብ የለ፣ ፎቶ የለ። አባቴም አልማለ።

ሰኞ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ፤ ማንም ሳያይ
ጎማውን አስጠጋሁት፣ ከግራ ተረከዙ ላይ።
ተስተካከሉ።
ቢላዬን አነሣሁ፤
ባቱ ገና ነው።